ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሥዕል ለምታስተምሩ፦ እጃችሁን ከልጁ ወረቀት ላይ አንሱ

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሥዕል አይደለም። እኔ ስጀምር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ለእናንተ ግን ከሁሉም በፊት እሱን ልንገራችሁ። ልጁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ነው የዋለው። 9፡30 ላይ ደወል ተደውሎ ወደ እናንተ ሲመጣ እግሩ መሮጥ አምሮታል፣ ሆዱም ባዶ ነው። ያኔ «ተቀመጥ፣ እርሳስህን ያዝ» ካላችሁት አንድ ክፍለ ጊዜ ጨመራችሁበት እንጂ ሥዕል አላስተማራችሁትም። ስለዚህ ይሩጥ። ውሃ ይጠጣ። ቆሎ ካለ ቆሎ፣ ዳቦ ካለ ዳቦ ይቅመስ። እጁን ታጥቦ ሲገባ ሰዓቱ 10 ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ከሩብ ይቀረናል፤ ይበቃል።

ሠዓሊ ነኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ማክሰኞና ሐሙስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። 26 ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ 7 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 13። ብዙዎቹ የሸማኔ ልጆች ናቸው። ከሥዕል ትምህርት ቤት የተመረቁ ወጣቶች «ልጆች አስተምሩ ተብለናል፣ ከየት እንጀምር?» እያሉ ይደውሉልኛል። በስልክ ሁሌ የማልጨርሰውን ነገር ነው እዚህ የጻፍኩት።

ረጅሙ ክንድ

በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የ9 ዓመት ልጅ እናቱን ሣለ። ጥጥ ስትፈትል። እንዝርቷ ትንሽ ናት፣ ፊቷ ክብ ነው፣ ቀኝ ክንዷ ግን ከመላ ሰውነቷ ይረዝማል። አጠገቡ ቁጭ አልኩና እርሳሱን ተቀበልኩት። ክንዱን አጥፍቼ በልኩ ሣልኩለት። ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ልጁ ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ አየውና ወደ እኔ ገፋው። «ቲቸር፣ አሁን ያንቺ ሆነ» አለኝ። ስሙን አልጻፈበትም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ከደብተር ሽፋን ላይ አበባ ሲገለብጥ ቆየ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንዲት እናት ስትፈትል ቁጭ ብላችሁ እዩ። ክሩን ስባ ስታረዝመው ክንዷ ይዘረጋል፣ ከክሩ ጋር አብሮ የሚሄድ ይመስላል። ልጁ በየቀኑ የሚያየው እሱን ነበር። እኔ የሰው ክንድ ስንት እንደሚሆን አውቅ ነበር፣ እሱ ደግሞ የእናቱን ክንድ ያውቅ ነበር። ይሄ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የእኔ ክፍል ትልቁ ሕግ ለልጆቹ ሳይሆን ለአስተማሪው ነው። በልጁ ወረቀት ላይ አንድም መስመር አትሣሉ። ነጥብም ቢሆን። ማሳየት ያለባችሁ ነገር ካለ በራሳችሁ ወረቀት ወይም በሰሌዳው ላይ አሳዩ፣ ከዚያ አጥፉት። ካላጠፋችሁት 26ቱም እሱኑ ይገለብጡታል።

ልጅ «እጅ አልወጣልኝም» ሲላችሁ ደግሞ ወደ ሰውነቱ መልሱት። «እስቲ ክንድህን አውርደው። ጣትህ የት ደረሰ? ጭንህ ላይ? አሁን ወረቀቱን እየው።» ጀበና እየሣሉ ከሆነ እውነተኛ ጀበና አምጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳስሱት። አንገቱን፣ ሆዱን፣ ጡቱን ይቁጠሩት። አንድ ጊዜ የዳሰሰ ልጅ ከሰሌዳ ላይ ጀበና አይገለብጥም።

ዕድሜያቸውን እወቁ

ቪክቶር ሎወንፌልድ የሚባል የሥነ ጥበብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1947 የልጆችን ሥዕል በዕድሜ ከፋፍሎ አስቀምጧል። ከ2 እስከ 4 ዓመት መሞነጫጨር ነው። ከ4 እስከ 7 ከክብና ከመስመር ሰው መሥራት ይጀምራሉ። ከ7 እስከ 9 ለእያንዳንዱ ነገር የራሳቸው ምልክት ይኖራቸዋል። ከ9 እስከ 12 ደግሞ እውነቱን ማስመሰል ይፈልጋሉ። ዕድሜው ከልጅ ልጅ ይለያያል፣ ቅደም ተከተሉ ግን እኔ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማየው ነው።

የ7 ዓመት ልጅ ቤት ስትሥል ግድግዳው ተዘግቶም ቢሆን ውስጥ ያለው አልጋ ይታያል። እናት ከቤቱ ትበልጣለች። መሬት ከታች አንድ መስመር ናት፣ ሰማይ ከላይ አንድ ሰማያዊ ክር ነው፣ መሃሉ ባዶ። ይሄ ስህተት አይደለም፣ አትንኩት። «ሰማይ እስከ ታች ይደርሳል እኮ» አትበሏት። እሷ ስትደርስበት ታየዋለች።

አደጋው ያለው 10 እና 11 ዓመት ላይ ነው። አምና በደስታ ሲሥል የነበረው ልጅ ዘንድሮ ወረቀቱን በክርኑ ይሸፍናል፣ «አያምርም» ብሎ ይቀደዋል። ዓይኑ ከእጁ ቀድሞታል። ብዙ ልጅ «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ እስከ ዕድሜ ልኩ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ለእነሱ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ መመሳሰል የማይጠየቅበት ሥራ እሰጣቸዋለሁ፦ ሽመና፣ ሸክላ፣ በካርቶን ማተም። ሁለተኛ፣ ሲጠይቁኝ ብቻ እውነተኛውን ሙያ አሳያቸዋለሁ። አንድ ነገር ሌላውን ሲሸፍን እንዴት እንደሚሣል፣ ጥላ ከየት ወደ የት እንደሚወድቅ። በጠየቀ ልጅ ጆሮ ይገባል።

ላጲስ ክፍሌ ውስጥ አይገባም። በር ላይ ቆርቆሮ አለ፣ እዚያ ያስቀምጡታል፣ ሲወጡ ይወስዱታል። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ እውነቴን ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የተሳሳተው መስመር ወደ ሌላ ነገር መቀየር እንደሚችል ይደርሱበታል። የተጣመመ የቤት ጣሪያ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ውሃ የሚጠጣ አህያ ሆኖ አይቻለሁ።

ሁለት ተራራ፣ አንድ ፀሐይ

የመጀመሪያ ቀን ነጻ ሥዕል ብትሏቸው ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሁለት ሾጣጣ ተራራ፣ በመሃል ፀሐይ፣ ከመሃል የሚወርድ ወንዝ፣ አንድ ጎጆ፣ አንድ ዛፍ። ሽሮ ሜዳ ጎጆ የት አለ? ግን 26ቱም ይሥሉታል፣ እኔም በልጅነቴ ሥየዋለሁ። አትከልክሏቸው። ጠይቋቸው። «ይሄ የትኛው ተራራ ነው? እንጦጦ ነው?» «ዛፉስ ምን ዛፍ ነው?»

ከዚያ ይዛችኋቸው ውጡ። ከግቢያችን እንጦጦ ፊት ለፊት ይታያል። ሾጣጣ አይደለም፣ ረጅም ጀርባ ነው። ባሕር ዛፉ ቅርፊቱን ይልጣል፣ ውስጡ ሐምራዊም ግራጫም አለው። 10 ደቂቃ ዝም ብለው ይዩ፣ እርሳስ ሳይዙ። ተመልሰን ስንገባ ተራራው ላይ ሰው ይመጣል። ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ጎንበስ ብለው፣ ተሰልፈው። አንዷ ልጅ እናቶቹን ትታ ሸክሙን ብቻ ሣለችው፤ ከሥሩ ሁለት እግር። ያን ሥዕል ፈቃድ ጠይቄ ቤቴ ሰቅየዋለሁ።

ቀለም ከየት ይመጣል?

ዕቃ የለንም ብሎ የቀረ ሠዓሊ አውቃለሁ። ዕቃ አለ። የሰፈራችን ከሰል ነጋዴ ስባሪውን በነጻ ትሰጠናለች፤ ቀጫጭኑ ለመሣል ግሩም ነው። ወረቀት ከቢሮዎች አንድ ገጹ የታተመበትን እለምናለሁ። መስከረም ላይ ደግሞ ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር ከየሱቁ ይሰበሰባል። ጀርባው ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ትልቅ ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ግን ተዉት፤ ትራፊው ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ቀይ አፈር ከግቢው ጀርባ አለ። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ በድንጋይ ይፈጭ፣ በወንፊት ይነፋ። አንድ የሻይ ብርጭቆ አፈር፣ ግማሽ ብርጭቆ ነጭ ኮላ፣ ከዚያ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ። እንደ ቀጭን ሊጥ ሲሆን አቁሙ። ኮላው ከቀረ ሲደርቅ እየተራገፈ ያልቃል። ጥቁሩን ከከሰል ዱቄት፣ ነጩን ከጠመኔ ፍርፋሪ በዚሁ መንገድ ታገኛላችሁ። ከሰሉን ውጭ ፍጩት፣ አቧራው ደረት ይይዛል።

ብሩሽ ሲያንስ መፋቂያ አለላችሁ። ጫፉ ታኝኮ ሲበተን ጥሩ ብሩሽ ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ፣ አይዋዋሱም። ውሃ የላይኛው ግማሹ በተቆረጠ ሃይላንድ ይቀዳል።

ከተገዛም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ ብቻ ግዙ። አረንጓዴ አትግዙ፣ ቡኒም አትግዙ። ሰማያዊና ቢጫ ሲገናኙ አረንጓዴ ሲወጣ ያየ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል እዩ፤ አረንጓዴውን ከገዛችሁ ያን ደስታ በገንዘባችሁ ቀማችኋቸው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በምስርና በመኮሮኒ ሥዕል የሚያሠሩ አሉ። እኔ አላደርገውም። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ፊት ምግብ በኮላ አይለጠፍም።

ጥለት

አንዱን ሥራ ከነሙሉ አካሄዱ ልንገራችሁ፤ ከሁሉም የምወደው ነው። ልጆቹ ከቤታቸው ቁርጥራጭ ክር ያመጣሉ። ሽሮ ሜዳ ክር አይቸግርም።

ጠንካራ ካርቶን 20 በ15 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ በመቀስ በጥቂቱ ሰንጥቁ። ድሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያመላለሱ ይወጥሩታል። ማጉን በቀጭን የካርቶን ስንጣሪ ላይ ይጠቀልሉና አንዱን ድር በላዩ፣ ቀጣዩን በሥሩ እያደረጉ ያሳልፉታል። ሲመለሱ በተቃራኒው። በማበጠሪያ ያጠጋጉታል። ሁሉም ልጅ መጀመሪያ ላይ ማጉን በጣም ስለሚስበው መሃሉ እንደ ወገብ ይቀጥናል። መድኃኒቱ ማጉን ቀስት አስመስሎ ላላ አድርጎ ማሳለፍ ነው። አራት ቀን ይፈጃል፣ አትቸኩሉ።

ይህን ስጀምር ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ልጆቹ ሆኑ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ «ቲቸር፣ ድሩ ላልቷል፣ እንዲህ አይሆንም» አለኝ። ልክ ነበር። ሰሌዳውን ለቅቄለት ተቀመጥኩ፣ የዚያን ቀን ያስተማረው እሱ ነው። ቤት ውስጥ መፍተል እንጂ መሸመን የሴት ሥራ አይደለም የተባሉት ልጆች ደግሞ በዚያ ካርቶን ላይ ቀና ሳይሉ ዋሉ።

የዚያ የ11 ዓመት ልጅ አባት በሳምንቱ መጡ። «ልጄ፣ ሽመናውንማ እኔው ቤት አስተምረዋለሁ። አንቺ እንግሊዝኛ ብታስጠኚው አይሻልም?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሽመና ምን ያህል እንደሚያበላ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «አባባ፣ አንድ ሐሙስ ይምጡና እርስዎ ይንገሯቸው» አልኳቸው። መጡ። መወርወሪያቸውን ይዘው። አንዲት ልጅ «ጥለቱን ከየት አይተው ነው የሚሠሩት?» ስትላቸው በጣታቸው ግንባራቸውን ነኩ። ከዚያ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አውጥተን አንድ ካሬ አንድ ክር ነው ተባባልን። ልጆቹ የራሳቸውን ጥለት በካሬ ሞሉ፣ እሳቸው እየዞሩ ቆጠሩላቸው። «እዚህ ጋ ሰባት አድርገሻል፣ በዚያኛው በኩልም ሰባት ካልሆነ ይዛነፋል።» ማባዛቱም ማካፈሉም ያው እዚያ ውስጥ ነው። አባትየው ከዚያ ወዲህ ስለ እንግሊዝኛው አላነሱብኝም።

እናንተ ያላችሁበት ሰፈር ሸማኔ ላይኖር ይችላል። ሸክላ ሠሪ፣ ስፌት ሰፊ፣ ብረት በያጅ፣ የሱቅ ስም ጻፊ ይኖራል። ፈልጉት፣ ጋብዙት፣ በእናንተ ወንበር አስቀምጡት።

የከረሜላ ወረቀት

ይሄኛው አጭር ነው። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስተዋት ሥራ በፎቶ አሳዩአቸው። አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። መስተዋቱ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ላይ ቀይ፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ፣ አንዱ ላይ ቢጫ ያይላል። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳይ ነው። እኔ የቱ የቱ እንደሆነ ሳልነግራቸው «ትናንት የትኛው ይመስላችኋል?» እላለሁ። ክርክሩ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብርሃን የሚያሳልፍ የከረሜላ ወረቀት ይሰበስባሉ። ጥቁር በተቀባ ካርቶን ላይ ቀዳዳ ቆርጠው ከጀርባ ይለጥፉታል። የእኛ ክፍል መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሆነ 10፡30 ላይ ፀሐይዋ በቀጥታ ትገባለች። ወለሉ ላይ ቀለሙ ሲወድቅ ትንንሾቹ እጃቸውን ሥሩ ያስገባሉ።

መኪና ወይም ፈቃድ ካገኛችሁ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውሰዷቸው። ትርኢቱ የሰውን ሕይወት ተከትሎ ከልጅነት ስለሚጀምር የልጆች ነገር መጀመሪያ ላይ ነው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን።

ስታወሩላቸው

«ጎበዝ፣ ያምራል» ቀላል ነው። ለ26ቱም ካላችሁት ግን ማናቸውም አያምኗችሁም። ያያችሁትን ንገሩ። «ሰማዩን ሁለት ዓይነት ሰማያዊ አድርገሽዋል።» «ውሻው ብቻውን ነው ያለው።» ከዚያ ዝም በሉ፣ ልጁ ይቀጥላል። «ይሄ ምንድን ነው?» ደግሞ አትበሉ፤ ልጁ የሚሰማው «ምንም አይመስልም» የሚለውን ነው። «እስቲ ስለሱ ንገረኝ» ይሻላል።

አንዳንዴ ሥዕሉ ከባድ ነገር ይዞ ይመጣል። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ልጆች አስተምሬያለሁ። አንዷ ለወር ያህል ወረቀቱን ሙሉ በከሰል ከመሸፈን ሌላ አልሣለችም። በሰው ፊት አልጠየቅኋትም። ወረቀት ሰጠኋት፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የራሴን ሣልኩ፣ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ነገርኩ። እኛ ሐኪም አይደለንም። ግን ቀድመን የምናየው እኛ ልንሆን እንችላለን።

ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግታችሁ ብቻችሁን አትቀመጡ። ፊታቸው የሚታይበት ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ የትም አትልቀቁ። መቀሶቹን ስትገቡም ስትወጡም ቁጠሩ። ልጁን ማን እንደሚወስደው ዝርዝር ይኑራችሁ፤ 11፡15 ላይ በጥቅምትም በኅዳርም ቶሎ ይመሻል።

ከትምህርት ቤቱ ጋር

ውላችሁን በጽሑፍ ያዙ፦ ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ ዕቃ የሚገዛው ማን ነው፣ ቁልፉ የማን ነው። አንድ ዓመት በቃል ተስማምቼ አምስት ወር ሙሉ ቀለሙን ከኪሴ ገዝቻለሁ። መደበኛው ትምህርት ውስጥ ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። አስተማሪውን ቀድማችሁ ተዋወቁ። እሱ 40 ደቂቃ፣ መጽሐፍና ፈተና አለበት፤ እናንተ የላችሁም። እሱ ያስተማረውን አትድገሙ፣ አታጣጥሉትም። ፈተና ሳምንት ግማሹ ልጅ ይቀራል፤ አትቆጡ፣ ለመጡት ሸክላ ስጧቸው። በጾም ወራትና በረመዳን ደግሞ ሥራው ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ይሁን።

በክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል። እኔ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሦስት ቀን እጠራቸዋለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል። ድሮ እኛ ሰፈር ወንዶቹ ሥዕል ይዘው፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ በየቤቱ ይዞሩ ነበር። አሁን የታተመ ካርድ በዝቷል። የእኔ ልጆች በእጃቸው ይሥላሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ የሚሰጡት ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ያለ አንድ ነገር ሥዕሉ ውስጥ ይኑር። የእማማ እገሌ ድመት፣ የባለሱቁ ሚዛን፣ የዘበኛው ብርድ ልብስ። አደይ አበባው ከዚያ በኋላ ዙሪያውን ይመጣል። የአፈር ቀለም በዝናብ ወቅት ቶሎ ስለማይደርቅ ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት ጨርሱ።

መስከረም 1 ጠዋት እኔ ቤትም ይመጣሉ። 26ቱንም ሥዕል እቀበላለሁ፤ የእኔ ደጃፍ ላይ ያለው ጀሪካን በ26 ዓይነት ተሥሎ ይደርሰኛል። ዝርዝር ብር ከዋዜማው አዘጋጁ።